ሽናበል፦ ስለ ጀርመንኛው ምንቃር በስህተት የሚባሉ ነገሮች

ጀርመንኛ የጀመረ ሰው “ሽናበል” ምንቃር ነው ብሎ ይይዛል። ልክ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

“ከእንግሊዝኛው ቢክ ጋር አንድ ዘር ነው።” አይደለም። ቢክም የፈረንሳይኛው ቤክም የመጡት ከላቲን “ቤኩስ” ነው። ሽናበል ግን የራሱ የጀርመን ሥር አለው። በጥንቱ ጀርመንኛ “ስናቡል” ነበር፤ የሆላንዶቹ “ስናቨል” ወንድሙ ነው። ላፍ አድርጎ መያዝን ከሚገልጸው “ሽናፐን” ከሚባል ግስ ጋርም ይዛመዳል። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ያየ ሰው ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል።

“ለወፍ ብቻ ነው።” ይሄም ስህተት ነው። ፕላቲፐስ፣ ያ የዳክዬ ዓይነት አፍ ያለው የአውስትራሊያ አጥቢ እንስሳ፣ በጀርመንኛ “ሽናበልቲር” ነው፤ ባለምንቃር እንስሳ እንደማለት። በሽተኛ ተኝቶ የሚጠጣበት፣ መጥጫው ወደ ውጭ የወጣ ኩባያ “ሽናበልታሰ” ይባላል። በመካከለኛው ዘመን ይደረግ የነበረው ጫፈ ሹል ጫማም ስሙ ከዚሁ ነው። በስዊድንና በዴንማርክ ደግሞ “ስናበል” የዝሆን ኩምቢ ሆኗል። የኢሜይል አድራሻ መሃል ያለችውን ምልክት ዴንማርኮች “ባለኩምቢ አ” የሚሏት ለዚህ ነው። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

“ለሰው ከተባለ ስድብ ነው።” ሁልጊዜ አይደለም። “ሃልት ዴን ሽናበል!” አፍህን ዝጋ ነው፤ ለማያውቁት ሰው አይባልም። ነገር ግን ሰው “ምንቃሩ እንደበቀለለት ተናገረ” ከተባለ፣ ሳይቀባባ የልቡን ተናገረ ማለት ነው።

“ዶክተር ሽናበል የጥቁሩ ሞት ዘመን ሐኪም ነበር።” ባለምንቃር ጭምብል ያጠለቀው ሰው ሥዕል በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲዞር አብሮ የሚዞር ወሬ ነው። ጥቁሩ ሞት የተባለው የወረርሽኝ በሽታ አውሮፓ የገባው እ.ኤ.አ. በ1347 ነው። ያ ልብስ ግን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ፈጠራው ሻርል ደ ሎርም ለሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይሰጣል። ምንቃሩ ውስጥ መዓዛ ያላቸው ቅጠላ ቅጠሎች ይጨመሩ ነበር፣ በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር። “የሮሙ ዶክተር ሽናበል” የተባለውን ታዋቂ ሥዕል ጀርመናዊው ፓውል ፉርስት ያሳተመው በ1656 ነው፤ ሮም በወረርሽኝ በተመታችበት ዓመት። “ሽናበል” እዚያ ላይ የአንድ ሐኪም ስም ሳይሆን የፌዝ ቅጽል ነው። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ግጥምም በሐኪሞቹ ገንዘብ መውደድ ይሳለቃል።