አረጋዊ ወላጅን ይዞ ወደ ደሴት መዛወርና የሕክምና ሽፋን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የጤና መድን በማማከር ሥራ ላይ ብዙ ስለቆየሁ፣ አረጋዊ ወላጃቸውን ይዘው ወደ ደሴት ሊዛወሩ የተነሱ ቤተሰቦች ገና ወንበር ሳይዙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቤት ተከራይተዋል፣ ዕቃ በመርከብ ጭነዋል፣ ትኬት ቆርጠዋል፤ የሕክምናው ጉዳይ ሲነሳ ግን «መድኑ የአየር አምቡላንስ ስላለው አንሰጋም» ይሉኛል። ይህን አባባል መስማት በእውነት ሰልችቶኛል። እሱን በዝርዝር ከማየቴ በፊት ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«የጉዞ ኢንሹራንስ ይበቃል።» አይበቃም። የጉዞ ኢንሹራንስ የሚሸጠው ሄዶ ለሚመለስ ሰው ነው፤ ነዋሪ መንገደኛ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት የሚሰጠው የጤና ካርድም ለጊዜያዊ ቆይታ ብቻ ያገለግላል። ከአንድ የኅብረቱ አገር ጡረታ እየተቀበሉ ወደ ማልታ፣ ወደ ቆጵሮስ ወይም ወደ ቀርጤስ የሚዛወሩ አረጋዊ ጡረታውን ከሚከፍለው አገር የሕክምና ወጪያቸውን ያ አገር እንደሚሸፍን የሚያረጋግጠውን ኤስ 1 የተባለ ቅጽ አውጥተው በሚኖሩበት ቦታ ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል።

«ሜዲኬር የትም ይከተላቸዋል።» ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ በሃዋይ፣ በፖርቶ ሪኮ፣ በጉዋም፣ በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች፣ በአሜሪካ ሳሞአና በሰሜን ማሪያና ደሴቶች ይሠራል፤ ከአሜሪካና ከግዛቶቿ ውጭ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም። ሜዲጋፕ ከሚባሉት ተጨማሪ መድኖች አንዳንዶቹ በውጭ አገር ለሚደርስ ድንገተኛ ሕመም 250 ዶላር ከተቀነሰ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ ነገር ግን በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ብቻ ሲሆን በዕድሜ ልክ ከ50,000 ዶላር አያልፉም። በአሜሪካ ግዛት ውስጥ መቆየትም ከጣጣ አያድንም። ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለው፣ በግል መድን ድርጅቶች በኩል የሚሰጠው የሜዲኬር ዓይነት፣ በአካባቢ የታጠረ ስለሆነ ከክልሉ የወጣ ሰው አዲስ መምረጥ ወይም ወደ መደበኛው ሜዲኬር መመለስ አለበት፤ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው ሜዲኬይድ ደግሞ የየግዛቱ በመሆኑ አዲስ በገቡበት ግዛት እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል። በተለይ የሚያናድደኝ «ውጭ አገር ካልሠራ ለምን ባዶ እንከፍላለን» ብሎ ፓርት ቢን፣ ማለትም የሜዲኬርን የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ክፍል፣ ማቋረጥ ነው። አረጋዊው ነገ ተመልሰው ሲመዘገቡ ሳይመዘገቡ ላለፈው ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት በወርሃዊ ክፍያቸው ላይ ሊታከልባቸው ይችላል፤ ቅጣቱም ፓርት ቢን እስከያዙ ድረስ አይነሳም።

«ደሴቱ የመንግሥት ሕክምና አለው፣ ነፃ ነው።» ሕጋዊ ነዋሪነት፣ ምዝገባና ብዙ ጊዜም መዋጮ ይጠይቃል። ጌሲ የሚባለው የቆጵሮስ አገር አቀፍ የጤና ሥርዓት በ2019 በተመላላሽ ሕክምና፣ በ2020 ደግሞ በአልጋ ሕክምና አገልግሎት ሲጀምር ቋሚ የራስ ሐኪም መርጦ መመዝገብን መነሻ አድርጎ ነው።

«መድኃኒቱን ከዚህ እየላክን እንቀጥላለን።» ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጉምሩክ ላይ ይያዛል።

አሁን ወደ አየር አምቡላንሱ ልመለስ። የመድን ውሉ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለ ማለት ቤተሰቡ ሲደውል አውሮፕላን ይነሳል ማለት አይደለም። ጉዞው ለሕክምና አስፈላጊ መሆኑን የሚወስኑት የመድን ሰጪው ሐኪሞች ከደሴቱ ሐኪም ጋር ተነጋግረው ነው፤ ቅድመ ፈቃድ ሳያገኝ ራሱ አውሮፕላን የተከራየ ቤተሰብ ሂሳቡን ሲያቀርብ ብዙውን ጊዜ ውድቅ ይደረግበታል። ፈቃድ ቢገኝም የብዙዎቹ ውል የሚለው «አቅም ወዳለው ቅርብ የሕክምና ተቋም» ነው። ያ ተቋም ልጆቻቸው ያሉበት ከተማ ላይሆን ይችላል፤ አረጋዊው ቪዛ የሚጠየቁበት ጎረቤት አገር ሊሆንም ይችላል።

ሰዓቱም አለ። በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሟያ በተለምዶ ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ያለበት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን መረጋገጥ አለበት። ነፋስ ሲነሳ ወይም ማኮብኮቢያው የሌሊት መብራት ከሌለው አውሮፕላኑ እስኪነጋ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የደሴቱ ሆስፒታል በራሱ ምን እንደሚችል ነው፦ ሲቲ ስካን አለው ወይ፣ ደም በክምችት ይይዛል ወይ፣ ጽኑ ሕሙማንን ተቀብሎ ማቆየት ይችላል ወይ?

አንዲት ደንበኛዬ አባቷን ይዛ ወደ ትንሽ ደሴት ተዛውራ ነበር። አባቷ መታጠቢያ ቤት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ መድኑም በአግባቡ ሠራ፣ አውሮፕላኑ መጣ፣ ቀዶ ሕክምናው በዋናው ምድር ተደረገላቸው። ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ውሉ ለመልስ የሚከፍለው አንድ ተራ የአውሮፕላን ወንበር ሲሆን፣ እሳቸው ገና ቀጥ ብለው መቀመጥ አይችሉም ነበር። ተኝተው እንዲሄዱ አየር መንገዱ የበርካታ ወንበሮች ዋጋ ጠየቀ። የልጅቱ ማደሪያ አልተሸፈነም፤ ደሴቱ ላይም ፊዚዮቴራፒ አልነበረም። ሰው የሚያየው መውሰጃውን ብቻ ነው፤ መመለሻውን የሚያነብ የለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የአረጋውያን ሕመም በአብዛኛው ድንገተኛ አይደለም። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ይውላል፤ ለዚህ የአየር አምቡላንስ አንቀጽ አይጠቅምም። ማሽን መኖሩ ብቻ ሳይሆን ክፍት ተራ መኖሩ ትኬት ከመቆረጡ በፊት መረጋገጥ አለበት። ሐኪም ሪፈር ሲጽፍ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድን እንደ መደበኛ አገልግሎት የያዙ ሥርዓቶች አሉ፤ በካሪቢያን ያሉት የኔዘርላንድ ደሴቶች ቦኔር፣ ሲንት ኡስታሺየስና ሳባ ከ2011 ጀምሮ ለነዋሪዎቻቸው ያላቸው የመንግሥት መድን ምሳሌ ነው። የግል መድን የሚገዛ ቤተሰብ ይህ በውሉ ውስጥ መኖሩን በግልጽ መጠየቅ አለበት።

«ስንደርስ መድን ውስጥ እናስገባቸዋለን» ለሚሉም ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምለው። ብዙ የግል መድን ሰጪዎች ለአዲስ አመልካች የዕድሜ ጣሪያ አላቸው፤ ስኳርና ደም ግፊትን የመሰለ ቀድሞ የነበረ ሕመምንም ከሽፋን ያወጣሉ ወይም በመጠበቂያ ጊዜ ያዘገያሉ። ስለሆነም የአዲሱ መድን መጀመሪያ ቀን በጽሑፍ ሳይረጋገጥ አሮጌው አይቋረጥ። የመውሰጃና የመመለሻ ጉዞ ጥያቄዎችም በጽሑፍ ተልከው መልሱ በጽሑፍ ይያዝ፤ የሽያጭ ሠራተኛ በስልክ የሰጠው ተስፋ ክርክር ላይ ውሃ አያነሳም። ከዚህ ጋር አብሮ አረጋዊው መረጃቸው ለልጃቸው እንዲሰጥ የሚፈቅዱበትን ቅጽ አስቀድመው ይፈርሙ፤ መድን ሰጪው ያለዚያ ከልጅ ጋር አልነጋገርም ሊል ይችላል፣ ፊርማው የሚያስፈልግበት ቀን ደግሞ አባት ወይም እናት እስክርቢቶ መያዝ የማይችሉበት ቀን ነው።