የሀዋሳ ድርጅቶች በኢትዮጵያ ፍለጋ እንዲወጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ላይ ድረ ገጽ ያሠሩ ብዙ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች አዲስ አበባ ሆኖ ጎግል ላይ ለሚፈልጋቸው ሰው አይታዩም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ የዋለው ግን ያለ ቦታው ነው።

«ዶት ኢቲ ከሌለን አንወጣም»
ዶት ኢቲ (በድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ የሚመጣው .et) ገጹ የኢትዮጵያ መሆኑን በግልጽ ስለሚናገር ይጠቅማል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ዶት ኮም ላይ ያለ ገጽም አድራሻው፣ በብር የተጻፈው ዋጋ፣ በ+251 የሚጀምረው ስልክና ከሀገር ውስጥ ድረ ገጾች የሚመጡ ሊንኮች አገሩን ያሳውቁለታል። የቆየ ዶት ኮም ወደ ዶት ኢቲ ሲዛወር እያንዳንዱ ገጽ በ301 ሪዳይሬክት (የድሮውን አድራሻ የከፈተውን በቋሚነት ወደ አዲሱ በሚወስድ ትዕዛዝ) ወደ አቻው ካልተመራ፣ በጎግል የተገኘው ደረጃ ሊጠፋ ይችላል።

«ሰርቨሩ አገር ውስጥ ይሁን፤ አገሩንም ሰርች ኮንሶል ላይ እንምረጥ»
የሰርቨር፣ ማለትም ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ቦታ ወሳኝ ምልክት አይደለም። ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው መከታተያ) ላይ የነበረውን የአገር መምረጫ ደግሞ ጎግል በ2022 እ.ኤ.አ. አንስቶታል።

«ኢትዮጵያ ስለሆንን ኮዱ ኢቲ ነው»
ይህ ስሕተት ለዓይን ስለማይታይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በኤችሬፍላንግ (hreflang፤ ገጹ በየትኛው ቋንቋና ለየትኛው አገር እንደተዘጋጀ ለጎግል የሚናገር የኮድ መስመር) ውስጥ የሚቀድመው የቋንቋ ኮድ ነው፤ በቋንቋ ኮድ «ኢቲ» (et) ማለት ደግሞ የኢስቶኒያ ቋንቋ ነው። አማርኛ «ኤኤም» (am) ነው። ለኢትዮጵያ ብቻ ከሆነ «ኤኤም-ኢቲ» ይባላል። ተገልብጦ «ኢቲ-ኤኤም» ከተጻፈ፣ በአገር ኮድ «ኤኤም» አርመንያ ስለሆነች፣ ገጹ አርመንያ ላለ የኢስቶኒያኛ አንባቢ የተዘጋጀ ይሆናል። የአማርኛው ገጽ እንግሊዝኛውን ከጠቆመ እንግሊዝኛውም መልሶ ሊጠቁመው ይገባል፤ አለበለዚያ ጎግል ጥቆማውን ይተወዋል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ደረጃ አይጨምርም፤ ለፈላጊው ትክክለኛውን ቋንቋ ማቅረብ ብቻ ነው ሥራው።

«ከውጭ የሚገባውን ሁሉ በራሱ ወደ እንግሊዝኛው እንላከው»
የጎግል ቦት (ገጾችን እየዞረ የሚያነብ የጎግል ፕሮግራም) በአብዛኛው የሚገባው ከአሜሪካ ነው። እሱም ወደ እንግሊዝኛው ስለሚላክ አማርኛውን ሳያይ ይመለሳል፤ ያላየውን ደግሞ አያወጣም። በሁለቱም ገጾች ላይ የቋንቋ መምረጫ ሊንክ ማስቀመጥ ይበቃል።

«አማርኛ ጽፈናል፤ ይበቃል»
የክፍል ዋጋው ፖስተር ላይ ተሠርቶ በፎቶ ከተጫነ እንደ ጽሑፍ አይቆጠርም። በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደል ብሎ በሚያነበው ጽሑፍ) ይጻፍ። አጻጻፍም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ አንዱ «ሀዋሳ»፣ ሌላው «ሐዋሳ»፣ የቀድሞውን ስም የለመደው ደግሞ «አዋሳ» ብሎ ይፈልጋል። በብዛት የሚፈለገውን ርዕሱ ላይ አድርጎ ሌሎቹን በጽሑፉ ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ማስገባት ያዋጣል። ሁሉንም መደርደር ግን አንባቢን ያሰለቻል፤ ጎግልም እንደ ማጭበርበር ሊያየው ይችላል። እንግዳ የመንገድ ስም አያውቅም፤ «ሐይቅ ዳር»፣ «አሞራ ገደል አጠገብ» ነው የሚለው፤ ገጹም እንደዚያው ይበል።

«ቢሯችን ሆነን ስንፈልግ አንደኛ ነን»
ጎግል ፈላጊው ያለበትን ቦታ ያያል፤ ስለዚህ ሀዋሳ ተቀምጦ የታየው አዲስ አበባ ላይ አይደገምም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎግል ዶት ኮም ዶት ኢቲን መክፈትም ለውጥ አያመጣም። ቪፒኤን (ያሉበትን አገር የሚቀይር መተግበሪያ) ከበራ የሚታየው የሌላ አገር ውጤት ነው። የሚታመነው የሰርች ኮንሶል የአፈጻጸም ሪፖርት ነው፦ አገሩን «ኢትዮጵያ» ብለው ያጣሩ፣ የ3 ወሩን ይክፈቱ፣ ከዚያ የትኛው ፍለጋ ስንት ጊዜ እንዳሳየዎትና ስንት ሰው እንደነካው ያነጻጽሩ። በመጀመሪያው ገጽ እየታየ የማይነካ ካለ፣ በቅድሚያ የሚጻፈው የዚያ ገጽ ርዕስ ነው።