የኤሌክትሪክ መስመር ፍተሻ በሰሜን ሸዋ፦ የፈታሹ ኃላፊነትና የሚሠራበት ደረጃ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አዲስ ቤት የሠራ ሰው መብራት ለማስገባት ሲሯሯጥ ሐሳቡ ሁሉ ቆጣሪው ላይ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ፣ ብሬከሩንና የመሬት ሽቦውን ማን እንዳየው ብዙም አይጠየቅም። መብራት ኃይል ኃላፊነቱ እስከ ቆጣሪው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ምንም አይታየውም። ያለው አማራጭ የባለሙያውን ቃል ማመን ነው።

ይህን ቃል ከባድ የሚያደርገው ሕግ አለ። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣውም በየደረጃው በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ምዘና) ይመዘናል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ባለሙያ ሁሉ ቢያውቀው የምለው ግን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ነው። አንድ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መከተል እንዳለበት፣ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጥፋትም እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። «ባለቤቱ ቶሎ በል ብሎኝ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ ጋ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ፍተሻ በዓይን ይጀምራል። ሽቦው በቱቦ ገብቷል ወይ? የተገናኘበት ቦታ ሳጥን አለው ወይስ በፕላስተር ተጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል? ከዚያ መሣሪያው ይወጣል። መጀመሪያ ኃይሉ ተቆርጦ የመሬት ሽቦው እስከ እያንዳንዱ ሶኬት ሳይቋረጥ መድረሱ ይለካል። ቀጥሎ ዕቃው ሁሉ ተነቅሎ፣ አምፖሉም ወጥቶ፣ በሜገር (የሽቦ ልባስ ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የመከልከል አቅሙን በሚለካው መሣሪያ) 500 ቮልት ይሰጥና በሽቦዎቹ መካከልና ከመሬት ጋር ያለው መከላከያ ይታያል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይፈልጋል። መስመሩ ላይ ኃይል የሚለቀቀው ይህን ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ወደ መሬት የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚቆርጠው 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር (ብዙዎች አርሲዲ ይሉታል) በ0.3 ሰከንድ ውስጥ መቁረጡ ይፈተናል። ብዙ ቦታ ግን ፍተሻ የሚባለው ቴስተር ሶኬት ውስጥ ከቶ መብራቱን ማየት ነው። ቴስተር ሲበራ ፌዝ (ኃይል ያለበት ሽቦ) እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው። የመሬት ሽቦው መኖሩን አይናገርም፤ ሰው የሚገድለው ደግሞ የእሱ አለመኖር ነው።

የቤቱ ትልቁ ፈተና ምጣዱ ነው። 3,500 ዋት ገደማ የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ፣ ይባስ ብሎ በዲቫይደር ሲሆን፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። ያኔ «ብሬከሩ ደካማ ነው» ተብሎ በ32 አምፔር ይቀየራል። ብሬከሩ መውረዱን ያቆማል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን መጋሉን አያቆምም። ስለዚህ ጥሩ ፈታሽ የብሬከሩን ቁጥር ካነበበ በኋላ ከሥሩ የሚወጣውን ሽቦ ውፍረት ሳያይ አያልፍም።

አካባቢው የራሱ ጣጣ አለው። የብሬከርና የፓኔል ቦርድ ደረጃዎች በአብዛኛው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ፣ የትራንስፎርመር ደግሞ እስከ 1,000 ሜትር ታስበው የወጡ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድም ሆነ ብልጭታ የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ለመኖሪያ ቤት ይህ ያን ያህል አያሳስብም። በከተማዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚተከል ትልቅ ሞተርና ፓኔል ግን ያሳስባል፤ የአምራቹ የከፍታ ቅነሳ ሠንጠረዥ (ዕቃው በከፍታ ላይ አቅሙ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳየው) ሳይታይ መፈረም የለበትም። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሽቦ አቅም ሠንጠረዥ መነሻው 30 ዲግሪ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ ስለሚበልጥ ሽቦው የሚችለው አምፔር ይቀንሳል።

የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት፣ አፈር ውስጥ የሚቀበረው የመሬት ዘንግም እንደ አፈሩ ነው። እነዋሪ አካባቢ ያለው ኮትቻ (ጥቁር የሸክላ አፈር) በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይላቀቃል። ክረምት ላይ የተለካ የዘንጉ ጥሩ ቁጥር የካቲት ላይ ላይደገም ይችላል፤ ስለዚህ የተለካበት ወር አብሮ ይጻፍ። መንዝ ላይ ደግሞ ዘንጉ ቶሎ ድንጋይ ያገኛል። የቀረውን በመጋዝ ቆርጦ ጫፉን ብቻ የሚያሳይ ሠራተኛ አይጠፋም። በዓይን አይለይም፤ የሚያጋልጠው ልኬት ብቻ ነው።

ፈታሹ የራሱን ሥራ ራሱ ማጽደቅ የለበትም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ይከብዳል፤ ባለሙያው ጥቂት ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ቢሆንም ሁለት ሠራተኞች ሥራቸውን ተለዋውጠው ቢፈትሹ እንኳ ብዙ ይጠቅማል። ለባለቤቱ የሚሰጠው ወረቀት «ደህና ነው» ብቻ ሊል አይገባም። በእያንዳንዱ መስመር የተለካው ቁጥር፣ የብሬከሩና የሽቦው መጠን፣ ያልተፈተሸው ክፍልና ምክንያቱ፣ የፈታሹ ስምና ፊርማ ይኑርበት። ያልተለካ ነገር ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ። ወረቀቱ ከቆጣሪው ሳጥን አጠገብ ቢቀመጥ፣ ነገ ሱቅ ወይም ወፍጮ ሊጨምር የሚመጣው ሠራተኛ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።