የማካፈል መዛባት ምንድን ነው?

«የሰዓት ክፍያው ከፍ ያለ ሰው ሥራ ይቀንሳል፤ መረጃው ይኸው» የሚል ክርክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ሰዎች የሠሩበትን ሰዓት አሳስተው እንደሚናገሩ ሲነገረው ጸሐፊው «ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል» ብሎ አለፈው። አይጣፋም!

በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች የሰዓት ክፍያውን ብዙ ጊዜ ማንም አልጠየቀም፤ ገቢን ለሰዓት በማካፈል የተገኘ ነው። ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በወር 200 ሰዓት ሠርተው 12,000 ብር ያገኛሉ እንበል፤ በሰዓት 60 ብር ማለት ነው። አንዱ «160 ሰዓት» ሲል ሌላው «240» አለ። አማካዩ ትክክል ነው፤ 200። መዝገቡ ላይ ግን የመጀመሪያው በሰዓት 75፣ ሁለተኛው 50 ብር ተከፋይ ሆነዋል። በሎጋሪዝም ሲሰላ ሥራ ለክፍያ የሚሰጠው ምላሽ ልክ ነጌቲቭ 1 ይወጣል፤ ማለትም ክፍያ በአንድ በመቶ ሲጨምር ሥራ በአንድ በመቶ የሚቀንስ ይመስላል፤ የሁለቱ ሰዎች ሥራም ክፍያም አንድ ሆኖ ሳለ። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ቦርሃስ በ1980 እ.ኤ.አ. ይህንኑ «የማካፈል መዛባት» በጥናቱ ርዕስ ላይ አስፍሮ ጽፎበታል።

አንድ ጀበና ቡና ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ስንት ስኒ እንደወጣው ቀጂዋን እንጠይቅ። ቡናውን ለግምቷ ስናካፍል የስኒው መጠን ይገኛል። ቁጥሩን ካበዛች ስኒው ያንሳል፤ ካሳነሰች ይተልቃል። ከመቶ ቤት ብንሰበስብ «ስኒያቸው ትንሽ የሆነ ቤቶች ብዙ ይቀዳሉ» የሚል ሕግ ይወጣልናል፤ ስኒዎቹ ግን ሁሉም ከአንድ ሱቅ የተገዙ ናቸው። መቶውን ቤት ሺህ ብናደርገው ሐሰቱ ይበልጥ የተረጋገጠ ይመስላል እንጂ አይጠፋም።

ስኒውን ራሱን ብንለካስ፣ ማለትም የሰዓት ክፍያው ለብቻው ቢጠየቅስ? ያኔ ጸሐፊው ያለው ለእውነት ይቀርባል፤ የሰዓቱ ስህተት ግምቱን ያደበዝዘዋል እንጂ አያጣምመውም። ይህም ስህተቱ በእርግጥ በዘፈቀደ ከሆነ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ 53 የሠራውም 45 የሠራውም «48» ማለት ይቀናዋል። 

ገቢ ሲጨምር ሥራ የሚቀንስ ሰው የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። ነገር ግን ከማካፈል የመጣ ቁጥር ምስክር አይሆነውም። የአምናን የሰዓት ክፍያ በዘንድሮው ምትክ ማስገባትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ዛሬ ስኒ ያበዛችው ቀጂ አምናም አብዝታ ቆጥራ ሊሆን ይችላል።