«የተኛውን ግዙፍ ቀሰቀስነው»፦ ያማሞቶ ያላለው የያማሞቶ አባባል

ዝም ብሎ የተቀመጠ ባላጋራውን ነክቶ ጣጣ ያመጣ ሰው «የተኛውን ግዙፍ ቀሰቀሰ» ይባላል። እኛ የተኛ አውሬ መቀስቀስ የምንለው መሆኑ ነው። አባባሉን የሚጠቅስ ሁሉ ጃፓን በሃዋይ በሚገኘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወደብ በፐርል ሃርበር ላይ ያደረሰችውን ጥቃት ያቀደው ጃፓናዊው አድሚራል ኢሶሮኩ ያማሞቶ ተናገረው ይላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሥሩ ሲፈተሽ ሌላ ይወጣል። ያማሞቶ ይህን ለመናገሩ ማስረጃ አልተገኘም። ቃሉ በዓለም የናኘው እ.ኤ.አ. በ1970 ከወጣው «ቶራ! ቶራ! ቶራ!» ከተሰኘው ፊልም ነው። ሰውየው በእርግጥ የጻፈው ግን፣ ለእኔ፣ ከፊልሙ ይበልጣል። ከጥቃቱ አንድ ወር በኋላ አገሩ በደስታ ስትፈነድቅ፣ የተኛን ጠላት መምታት ለወታደር የሚያኮራ ነገር አይደለም፣ ውርደቱ ለተመታው ነው እንጂ ሲል ለአንድ ወዳጁ ደብዳቤ ላከ። ሃርቫርድ የተማረና በዋሽንግተን የባሕር ኃይል አታሼ (በኤምባሲ የሚቀመጥ ወታደራዊ ተወካይ) የነበረ ሰው ነው፤ የአሜሪካን ፋብሪካና ነዳጅ በዓይኑ አይቷል። ጦርነቱ ሳይጀመር ለጠቅላይ ሚኒስትር ኮኖዬ፣ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት እንዳሻኝ እሆናለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እምነት የለኝም ብሎ ነበር። ከጥቃቱ ስድስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1942 በሚድዌይ የባሕር ውጊያ፣ ፐርል ሃርበርን ከደበደቡት ስድስት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አራቱ ሰጠሙ።

ለመሆኑ ግዙፉ ተኝቶ ነበር? እዚህ ላይ አባባሉ ያሳስታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 የባሕር ኃይሏን በእጅጉ የሚያሳድግ ሕግ አውጥታለች፤ ወጣቶቿን ለውትድርና መመልመል ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ1941 ክረምት ደግሞ ለጃፓን ነዳጅ መሸጥ አቁማለች። ያንቀላፋው የሃዋይ ዘብ ነው። እሑድ፣ ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941)፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ኦፓና በተባለው የሃዋይ የራዳር ጣቢያ የነበሩ ሁለት የራዳር ወታደሮች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ የአውሮፕላን መንጋ አዩ። ቢያመለክቱም፣ ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁት የራሳችን ቦምብ ጣዮች ይሆናሉ ብሎ የገመተው መኮንን አታስቡ አላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ሰዓት እንዲህ አለፈ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቦምቡ መዝነብ ጀመረ። በዚያ ቀን ከሞቱት 2,403 አሜሪካውያን 1,177ቱ ያለቁት አሪዞና በተባለችው አንዲት የጦር መርከብ ላይ ነው።

ጃፓኖች ግን የነዳጅ ጋኖቹንና የመርከብ መጠገኛዎቹን ሳይነኩ ተመለሱ፤ የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚዎችም ያን ጠዋት ወደብ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ከተመቱት መርከቦች ከሦስቱ በቀር ሁሉም ተጠግነው ወደ አገልግሎት ተመለሱ።

አባባሉን የሚወዱ ሰዎች የማያነሡት አንድ ነገር አለ። የነቃው ግዙፍ ቀድሞ እጁን ካነሣባቸው መካከል የራሱ ዜጎች ይገኙበታል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 በፈረሙት ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ፣ ቤትና ሱቃቸውን ጥለው በበረሃና በረግረግ መካከል በተሠሩ ካምፖች ታጎሩ። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ በሕይወት ለቆዩት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ሕግ ሲወጣ ብዙዎቹ አርፈው ነበር።