የአናሳዎችን ድምፅ የሚጠብቅ የምርጫ ክልል አከላለል ምንድን ነው?

ካርድ ወስደህ፣ ተሰልፈህ፣ የፈለግኸውን መርጠህ፣ ድምፅህም አንድ ሳይጎድል ተቆጥሮ፣ ግን ከንቱ ሊቀር ይችላል። ኮሮጆ የነካ የለም። ነገሩ ያለቀው ከምርጫው ቀን በፊት፣ የምርጫ ክልሉ ወሰን ሲሰመር ነው።

በእኛ አገር በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈው ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ነው። ሁለተኛ የወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ማን ከማን ጋር ተመደበ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነው። የአናሳዎችን ድምፅ የሚጠብቅ አከላለል የሚባለውም መስመሩ ድምፃቸውን ከንቱ እንዳያደርገው ተጠንቅቆ መሳል ነው።

ጎንደር ላይ ይህን ማየት አይከብድም። ማኅበረሰቦች ተሰባስበው መኖራቸው የቆየ ነገር ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጊዜ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ታዘዘ፤ አዲስ ዓለምም የእነሱ ሰፈር ሆኖ ኖረ። ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ወለቃ ነበሩ። እንግዲህ ለምሳሌ ብቻ፣ አንድ ከተማ 900 መራጮችና 3 የምርጫ ክልሎች አሉት እንበል። 300ዎቹ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አናሳ ማኅበረሰብ ናቸው። መስመሩ ሰፈሩን ሦስት ቦታ ከቆረጠው በየምርጫ ክልሉ 100 ለ200 ይሆናሉ። ሦስቱም ጋ ይሸነፋሉ። ሰፈሩ ሳይቆረጥ ቢቀር ግን አንድ ወኪል ያገኛሉ። ቤት የቀየረ ሰው የለም፤ የተቀየረው መስመሩ ብቻ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሁለት ቦታ ማሸነፍ የሚችሉትን ሁሉ አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ማጨቅ። እዚያ በሰፊ ልዩነት ያሸንፋሉ፣ ሌላው ቦታ ድምፃቸው አይሰማም። እርግጥ ሁለቱም መንገዶች ጉዳት የሚያደርሱት አናሳዎቹ በአንድነት ሲመርጡ፣ ብዙኃኑ ደግሞ በአንድነት ሌላውን ሲመርጡ ነው። ድምፁ የተቀላቀለ ከሆነ መስመሩ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ይህን በፍርድ ቤት ብዙ የተከራከሩበት አሜሪካውያን ናቸው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው፣ በዘር ምክንያት የመምረጥ መብትን መገደብ የሚከለክለው የመምረጥ መብት ሕግ ነው። የአላባማን ጉዳይ እንይ። ግዛቷ በኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት 7 መቀመጫ አላት፤ ከነዋሪዎቿ ከሩብ በላይ ጥቁሮች ናቸው። ከ2020ው ቆጠራ በኋላ በተሳለው ካርታ ጥቁሮች አብላጫ የሆኑት ግን በአንድ የምርጫ ክልል ብቻ ነበር። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከካርታው ተቃዋሚዎች ጎን ቆመ። በ2024 በአዲስ ካርታ ሲመረጥ ሁለት ጥቁር ተወካዮች አሸነፉ። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ዘርን ዋና መለኪያ አድርጎ መስመር መሳል ለክስ እንደሚዳርግ ወስኖ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር ከዚያም በኋላ አልበረደም።

የእኛ ሕገ መንግሥት የመረጠው መንገድ ሌላ ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች ነው። መልካም ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። በልዩ ውክልና ያልተካተተ ማኅበረሰብ ዕጣው ያው መስመሩ ላይ ነው።

መስመሩ ደግሞ በቆጠራ ላይ የቆመ ነው። አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በውጤቱ ላይ ተመሥርተው እንዲወሰኑ ያዛል። ረቂቁን ምርጫ ቦርድ ያቀርባል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን በእኛ አቆጣጠር የ1999ኙ ነው። ያኔ የተወለዱ ልጆች ዛሬ መራጭ ሆነዋል።

እዚሁ ጎንደር ዙሪያ የሚኖረውን የቅማንትን ሕዝብ ውሰዱ። የ1987ቱ ቆጠራ 172 ሺህ ያህል ሰው በቅማንትነት መዝግቦ ነበር። በ1999ኙ ውጤት ላይ ቅማንት በራሱ ስም የለም። በዚያ መዝገብ የሚሠራ ባለሙያ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የት ሰፈር ስንት እንደሆኑ ፈልጎ አያገኛቸውም። ስለ አከላለል ከመነጋገራችን በፊት ማንም ሰው እኔ ነኝ በሚለው ስም የሚመዘገብበት አዲስ ቆጠራ መጠየቅ አለብን የምለው ለዚህ ነው።