የጣና ዳርቻና ወንዞቹ፦ ከተነኩ በኋላ እንዴት ያገግማሉ?

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አብዛኛውን ውኃ የሚያመጡለት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በተፈጥሮ የሚወጣበት በር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኛው ዓባይ፣ ባሕር ዳር ላይ።

ዳር ዳሩን ደንገልና ፊላ ይይዙታል። ከፍ ብሎ ሾላ፣ ዋንዛና ዶቅማ ይቆማሉ። ደንገል ጠንካራ ተክል ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ለታንኳ ሲያጭደው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሕይወቱ ያለው ጭቃው ውስጥ በተጋደመው ሥሩ ነው። ሥሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ማጨድ አይገድለውም። የሚገድለው ድርቀትና ማረሻ ነው።

ይህ በግልጽ የታየው ከቻራ ቻራ በኋላ ነው። የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ዓላማው በበጋም ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ውኃ ማድረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ ክፉኛ ጎደለ። ጀልባዎች ተቸገሩ፤ የደንገል ቦታዎች ደረቁ፤ ውኃው የሸሸበትን መሬት ገበሬው አረሰው። ያን ሰሞን ዝናብ አጥሮ ነበር፤ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃም ብዙ ነበር። የሁለቱ ድርሻ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ግን በሮቹን የሚከፍተው ሰው መሆኑ መዘንጋት የለበትም እላለሁ። በኋላ ውኃው ሲመለስ፣ ያልታረሰው ቦታ ላይ ደንገል ከራሱ ሥር ሊነሳ ይችላል። ሥሩ ተነቅሎ ሩዝ ወይም ጓያ የተዘራበት ግን ሰው ካልተከለው ቶሎ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውኃ ሁለተኛ መውጫ አገኘ።

የወንዝ አልጋ ከዕፅዋቱ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። ከግድብ በታች ውኃው ዓመቱን ሙሉ ቀጭንና እኩል ሲሆን፣ ድሮ ጎርፍ የሚጠርገው የአሸዋ ደለል ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሥሩ ደለሉን ያስራል፤ ወንዙም ይጠባል። ለዓይን ያምራል፤ ወንዙ ግን አልተመለሰም። ደህና የክረምት ሙላት ካላገኘ አልጋውን ራሱ ሊያጸዳው አይችልም። ርብ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ከተራራው የሚወርደው አፈር አልጋውን ሞልቶት፣ ወንዙ እየገነፈለ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃል። እዚያ ፈውሱ የሚጀምረው ከላይ፣ ከተራቆተው ተዳፋት ነው።

ዳርቻን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ ማድረግ ርካሹ መንገድ ነው። ለዚህ የዘጌን ልሳነ ምድር ማየት ይበቃል። በገዳማቱ ሥርዓት ማረስ ስለተከለከለ ደኑና ቡናው አብረው ቆይተዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ደስ ያለን በምክንያት ነው። አረንጓዴ ሁሉ ግን ማገገም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የተነገረው የእንቦጭ አረምም አረንጓዴ ነው፤ ከማሳና ከከተማ በሚገባ ማዳበሪያና ፍሳሽ ይፋፋል።

አንድ ምልክት አለ፤ ነጭ አሳ። ብዙዎቹ የጣና ነጭ አሳ ዝርያዎች በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። በርካቶቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው በንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን ወይም ለግንባታ ሲዛቅ እንቁላሉ ማረፊያ ያጣል። እንግዲህ አንድ ገባር ወንዝ አገገመ የሚል ሰው፣ ክረምት ሲወጣ ወርዶ ጠጠሩን ይይ።